ዓይነ ስውሩ አየሁህ

አሁን የማወራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ይቺ የምነዳት ባጃጅ ዳገት ላይ ትቁምብኝ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ትንሳኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የማመላልሳቸው ሰዎች ይህን ታሪክ አፋቸውን ከፍተው ሰምተው ሲያበቁ "ይኼ እንኳ ያንተ ፈጠራ ነው" እያሉ ይወርዳሉ። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ከራሴ አውጥቼ የማወራበት ጭንቅላት ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ባጃጅ ሳይሆን ችሎት ላይ ተቀምጬ ታገኙኝ ነበር።

ያኔ የወተት ጥርሴን ጨርሼ ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነፋስ ከአራቱም በኩል የሚመላለስበት ጉብታ ላይ ነው። በዚያ ቤት የምንኖረው አባቴ እምሩ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችን የአባቴ እህት ፀጋ፣ ታላቅ እህቴ ጥሩሸዋ፣ እኔና ውሻችን ነበርን። አክስቴ ፀጋ ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። አባቴ ገብስና በግ ያውቃል እንጂ ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

የውሻው ስም አየሁህ ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ያወጣው ግን ለውሻው አስቦ አልነበረም። ጎረቤታችን በየዓመቱ ሲያርስ አንድ ትልም ወደ እኛ ገፋ ያደርጋል። ሄደው ቢናገሩት ጠብ ነው፣ ዝም ቢሉት ማሳው ማለቁ ነው። ስለዚህ አባቴ ቡችላ አመጣና አየሁህ አለው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤትየው ሞፈሩን ተሸክሞ ብቅ ባለ ቁጥር አባቴ ደጅ ይወጣና ፊቱን ወደ ውሻው፣ ድምፁን ወደ ድንበሩ አድርጎ "አየሁህ! አንተ አየሁህ!" እያለ ይጣራል። ማን ይከሰዋል? ውሻውን ነው የጠራው።

እንግዲህ ዓይኑ የጠፋው ይኸው አየሁህ ነው።

መጀመሪያ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ለኩበት ክምር ጅራቱን ሲቆላ አየሁት፤ ሰላምታ ነው ብዬ አለፍኩ። ሌላ ቀን ካብ ላይ በተሰጣው የአክስቴ ነጠላ ላይ እስኪደክመው ጮኸ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከበረቱ ውጪ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያደረው በግ ሳይሆን በግ የሚያክል ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩን የነካው አውሬ አልነበረም። ዓይኖቹ እንደ አጓት ነጣ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ስላረጀ የሸበተ መስሎኝ ነበር። ሰው ጠጉሩ ሲሸብት ውሻ ዓይኑ ይሸብታል ብዬ ለጓደኞቼ አስተምሬያለሁ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ እንደዚያው ያምናሉ።

ነገሩ የፈረጠው አባቴ ከገበያ አዲስ የጎማ ቦቲ አድርጎ የመጣ ዕለት ነው። ጎማው ገና ሱቅ ሱቅ ይሸታል። አየሁህ በገዛ በሩ ላይ አላስገባም ብሎ ጥርሱን አወጣበት። አባቴ ስሙን ጠራ፣ ተቆጣ፣ ለመነ፤ ድምፁን እየሰማም እንኳ ውሻው በቦቲው አልተስማማም። በመጨረሻ አባቴ እንደ እንግዳ ከደጅ ቆሞ "ቤቶች፣ ውሻ ያዙልኝ" አለ። ከድንበሩ ማዶ የጎረቤታችን ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ለብቻው አልመጣም፤ በዚያው ሳምንት ትልሙም ገፋ ብሎ ተገኘ።

ማታ አባቴ ቦቲውን እያወለቀ ውሳኔውን ተናገረ። አዝመራው እንደገባ ራቤል ሄዶ ቡችላ ያመጣል፤ ይህንን ደግሞ ጓሳው ውስጥ ወስዶ ይለቀዋል። ጓሳው ሣር ብቻ የሆነ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቀበሮም ጅብም አለበት። ዓይን የሌለው ውሻ እዚያ ሌሊቱን አያነጋም። ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ አክስቴ ዝም ስትል ነው የገባኝ። አክስቴ ዝም የምትለው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር።

እኔም ውሻው የሚያይ መሆኑን ላሳይ ተነሣሁ። በሳል አስተማርኩት። አንዴ ሳስል ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ሳስል ወደ ግራ፣ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀጥ። አባቴ ደጅ በተቀመጠ ቁጥር እኔ ጥግ ይዤ አስላለሁ፣ አየሁህ ሙቀጫውን ዞሮ፣ የውሃ ጀሪካኑን አልፎ እንደ ሹም ይራመዳል። አባቴ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ትንሽ ትንሽ ሳያይ አይቀርም ማለት ጀመረ። ችግሩ አክስቴ ነበረች። ይህ ልጅ ሳሉ አልለቀው አለ ብላ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አንድ ላይ እየወቀጠች በየጠዋቱ ትግተኝ ጀመር። እኔ ለዚያ ውሻ ዓይን ስል የጠጣሁትን ፌጦ ማንም ክርስቲያን ለገዛ ዓይኑ አይጠጣውም። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የእውነት ጉንፋን ያዘኝና አየሁህ ቀኙና ግራው ጠፍቶበት ግቢው መሀል ሲሽከረከር ዋለ።

አጋዤ እህቴ ጥሩሸዋ ነበረች። እሷ ከዚያ በፊት ለውሻ ግድ የነበራት ልጅ አይደለችም። አሁን ግን ከዳቦዋ እየቆረሰች ታጎርሰዋለች፣ ትናንት ከሩቅ አወቀኝ እያለች ለአባቴ ትመሰክራለች። ስለ ቡችላው ሲነሣ ፊቷ ይለዋወጣል። ቡችላ የጎረቤት ልጅ ይነክሳል፣ ቡችላ ዶሮ ይፈጃል፣ ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ በሆነው ባልሆነው ይጮኻል አለች። ይህቺን የመጨረሻዋን ደጋግማ ነው የተናገረችው። እኔ የልቧን ደግነት እያየሁ፣ ጻድቅ ከእኛ ቤት ሊወጣ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ዘመሮ ላይ የልጆች እናት ሆናለች፤ ስደውልላት ይህን ካነሣሁባት ኔትወርክ ጠፋ ብላ ትዘጋብኛለች።

ሌላም የማይገባኝ ነገር ነበር። ጥጆች በሚታሰሩበት ሰዓት አየሁህ ከገለባው ክምር ኋላ ወዳለው ካብ ይሄድና ባዶ ነገር ላይ ጅራቱን እየቆላ ያለቃቅሳል። በዚያው ሰዓት ጥሩሸዋ እኔን ወይ ጨው፣ ወይ ክብሪት፣ አለዚያም ከማንም ያልጠፋ መርፌ ፍለጋ ትልከኛለች። አንድ ቀን መርፌውን ትቼ በክምሩ ጎን አጮለቅኩ። ከካቡ ማዶ አንድ ጥቁር ነገር፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ፣ ቆሟል። ሮጬ ለአክስቴ ነገርኳት። አማተበችና ውሻ ለሰው የማይታየው ይታየዋል አለችኝ። ይኸኔ ተደሰትኩ፤ ሰይጣንም ቢሆን መልአክም፣ ውሻው አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው።

ጥቁሩ ነገር ሰይጣን መሆኑን ያረጋገጥኩት አባቴ ውሻውን ሊያስር ወጥቶ በጣም የተጣራ ጊዜ ነው። "አየሁህ! ና ውጣ ከዚያ፣ አየሁህ አልኩህ!" ሲል ጥቁሩ ነገር ከካቡ ዘሎ ገደሉን ይዞ ወረደ። አባቴን የሚፈራ ሰይጣን ስላየሁ ለሳምንት ያህል ኮራሁ። አማቻችን አስቻለው አሁን በቅርቡ ነው የነገረኝ፤ ያን ዕለት ሳማ ውስጥ ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ አድሯል።

አዝመራው ገባ። አባቴ ሰኞ ራቤል እሄዳለሁ ብሎ ቡችላውን የሚያመጣበትን ከረጢት ሳይቀር አዘጋጀ። ቅዳሜ ዕለት ሳልም ፌጦም ያበቃለት መሆኑን አይቼ፣ አክስቴ ከራስጌዋ በሃይላንድ ያስቀመጠችውን ጠበል ሰረቅኩ። አየሁህን ገለባው ሥር አስተኝቼ፣ በስመ አብ ብዬ ሁለት ዓይኑ ላይ አፈሰስኩለት። አነጠሰ። ሃይላንዱን የምንጭ ውሃ ሞልቼ መለስኩ። ለውሻ ጠበል መስጠት ኃጢአት መሆኑን ስለጠረጠርኩ የእሱ ዓይን ሲበራ የኔው ይጠፋ ይሆናል ብዬ ሌሊት አንድ ዓይኔን በእጄ ይዤ ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ "ቤቶች፣ ውሻ ያዙልን" የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት ያሉት ጋሽ ገብረየሱስ ነበሩ። በአገሩ የተጣላ ሰው ካለ እሳቸው ሳይኖሩ አይታረቅም። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ የምናያቸው በአሮጌ ጋቢ ነበር፤ ያን ዕለት ግን መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ጥቁር በርኖስ ደርበዋል። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ከትከሻው ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ፣ ሰውን ሁሉ ደጃዝማች የሚያስመስል በርኖስ።

ሴት ልጅ ያለው ሰው እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። አባቴ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወጣ፤ ቶሎ እሺ የሚል አባት ልጁን ያረክሳል ይባላላ። ግቡ አላቸው። ገቡ፣ ግን አልተቀመጡም። በእኛ ዘንድ ለዝምድና የመጣ ሽማግሌ አባት እሺ ብሎ ተቀመጡ እስኪለው አይቀመጥም፤ ደጁ ላይ በረድፍ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። ጋሽ ገብረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አየሁህ ቀጥ አለ። ጉሮሮ መጥረግ የኔ ምልክት ነውና። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ፣ አሸተተ፣ ጆሮውን ጣለ። ሊነክስ ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ተወርውሮ ሄዶ ጋሽ ገብረየሱስ እግር ላይ ተንከባለለ። ጅራቱ የሌላውን ሽማግሌ ከዘራ ጣለ። ራሱን በርኖሱ ውስጥ ከቶ ሲያለቃቅስ፣ ሲልስ፣ ሲዘል፣ ከዘመቻ የተመለሰ ልጁን ያገኘ አባት ይመስል ነበር።

እኔ አልቻልኩም። "ዓይኑ በራ! አያችሁ፣ ከበር አወቃቸው!" ብዬ መሀላቸው ገባሁ።

አባቴ ያን ውሻ ያውቀዋል፤ ለሚያውቀው ሰው እንጂ ለማንም አይንከባለልም። ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ ውሻው ጋሽ ገብረየሱስን ከየት ያውቃቸዋል አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ እውነት ተጠይቄ እውነት የመለስኩት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በየማታው እኮ ይመጣሉ አልኩት። ከገለባው ኋላ፣ በካቡ በኩል፣ ይህንኑ ጥቁር ለብሰው። እኔ ሰይጣን መስለውኝ ነበር እንጂ ለካ እሳቸው ናቸው። ጥሩሸዋ ክንዴን ቆንጥጣ ልትቆርጠው ደረሰች፤ በውሻው መዳን ደስታ መስሎኝ ቻልኩት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጋሽ ገብረየሱስ ራቅ አሉ። የአባቴ ዓይን ከሳቸው ተነሥቶ፣ ጥሩሸዋን ዘሎ፣ የጠላ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው አክስቴ ላይ አረፈ። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ፤ ሒሳቡ ቀላል ነበር። አክስቴ አልካደችም፣ አላመነችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዛሬ ስጠይቃት ሳቅ ሊያፈርጠኝ ነበር ትላለች። ጥሩሸዋ ግን አይ፣ ያንጊዜ እትዬ ፀጋን ሳያት ፊቷ ቀልቶ ነበር ትላለች። ለማንኛውም ማሰሮው ዘምበል ብሎ ጠላው የአባቴ ቦቲ ላይ ይፈስስ ነበር።

"ጋሽ ገብረየሱስ" አለ አባቴ፣ "እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ፀጋም ልጅ አይደለችም፣ አልከለክላትም። ግን በር እያለ በካብ?"

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እጃቸውን ዘረጉ። የእናትህን ተዝካር ከበላሁ ወዲህ ይህን ደጅ ረግጬ አላውቅም ብለው በቅዱስ ሚካኤል ማሉ። ሲምሉ አየሁህ የተዘረጋ እጃቸውን ላሰ። ድጋሚ ማሉ፤ አሁን ደግሞ እግራቸው ላይ ተኛ። አንደኛው ሽማግሌ መሬት መሬት እያየ ሳል ጀመረው፤ ውሻውም ወደ ቀኝ ዞረ።

"እንግዲህ በቃ" አሉ ጋሽ ገብረየሱስ። የደረታቸውን ቁልፍ ፈተው በርኖሱን ከትከሻቸው ላይ አወለቁና መሬት ጣሉት። "ልብሱ የእኔ አይደለም። የአስቻለው ነው። ለሽምግልና በአሮጌ ጋቢ አይሄዱም፣ ይህን ይደርቡ ብሎ ያለበሰኝ ልጁ ነው። ለጥሩሸዋ የላከንም እሱው ነው። ካብ የዘለለም ካለ እሱን ጠይቁት።"

አየሁህ የጋሽ ገብረየሱስን ባዶ እግር አሸተተ፣ በአሮጌው ጋቢ ላይ ጥርሱን አውጥቶ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዞሮ በርኖሱ ላይ ተጋደመ። አፍንጫውን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለካ አስቻለው ማታ ማታ ዳቦ የሚያመጣለት በዚያ ኪስ ነው። ሁሉም ወደ ጥሩሸዋ ዞሩ። እሷ ግድግዳውን እያየች ነበር፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

እኔ ነኝ የፈረስኩት። ዓይኑ በራ ያልኩት ሁሉ ለካ አፍንጫ ነው። አንዱ ሽማግሌ ለማረጋገጥ ይመስል ከዘራውን በውሻው ዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። አየሁህ አንዴም አላርገበገበም። አባቴ አየ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አዩ። ከረጢቱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ ነገ ሰኞ ነው። ጠበሉም፣ ፌጦውም፣ ያ ሁሉ ሳልም ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ገለባው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። እህቴም ታለቅስ ነበር፤ ለአንድ ነገር የምናለቅስ መስሎኝ አቀፍኳት።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ውሻውን ተመለከተ። ከዚያ "በዚህ ቤት ዓይን ያለው ይህ ውሻ ብቻ ነው" አለ። "ልጄ በየማታው ካብ ሥር ትቆማለች፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አላየሁም። ዓይነ ስውሩ እኔ ነኝ። ነገ ራቤል አልሄድም። ቡችላ የሚያስፈልገው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው።" እሺታውንም ሰጠ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ ልጁ ከእንግዲህ በበር እንዲመጣ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ጋሽ ገብረየሱስ ያን ቀን በብርዱ በጋቢ ብቻ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ውሻውን ከበርኖሱ ላይ የሚያነሣ ሰው አልተገኘማ። አስቻለው በበር መምጣት ሲጀምር አየሁህ ግራ ገባው፤ ለብዙ ጊዜ ካቡ ሥር ሄዶ ይጠብቀው ነበር። ጓሳውን ሳያይ፣ ካየም ምን ያይ ነበር፣ እዚሁ ደጃችን ላይ አርጅቶ ሞተ። አባቴ እስከ መጨረሻው ቀን ወደ ድንበሩ ዞሮ ስሙን ይጠራ ነበር። ዓይኑ መጥፋቱን ጎረቤትየው ቢያውቅም ትልሟን አልደገማትም፤ ከእሑዱ ወዲህ በዚያ አገር ያን ውሻ የናቀ ሰው የለም።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ፤ ባጃጇ ዳገት ላይ እንዳትቆምብኝ ልናገር። ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ ከአንዲት በቀር እውነት ነው። አባቴ ተናገረው ያልኩትን ንግግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አባቴ እንዲህ የሚናገር ሰው አይደለም። እውነቱን ስናገር ማንም ስለማያምነኝ ነው።

እውነቱ ይኼ ነው። አክስቴ ለሽማግሌዎቹ ዳቦ በሰፌድ ይዛ ወጣች። አባቴ ከእጇ ተቀብሎ ቆረሰ። ሽማግሌዎቹ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ቆመዋል፣ በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ ሳይጎርስ ለውሻ የሚቆርስ ሰው አልተወለደም። አባቴ በፊታቸው አልፎ ሄደ። መሬት ላይ ተንበረከከ፣ ቁራሹን በእጁ ከአየሁህ አፍ አስጠግቶ እስኪያሸተው ጠበቀ፣ ከዚያ አጎረሰው።

ሳይነሣ፣ ጀርባውን ለሽማግሌዎቹ እንደሰጠ፣ "ተቀመጡ" አላቸው።